ድጓ በቃል፣ ድጓ በምልክት

በብራና የተጻፈውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ገልጦ ያየ ሰው ከዋናው ጽሑፍ በላይ ደቃቅ ፊደላት ተሰካክተው ያገኛል። ግዕዝ አዋቂ ቢሆን እንኳ ነጠላ ወይም ጥንድ ጥንድ የሆኑት ፊደላት ቃል አይሆኑለትም። ዜማውን የጠነቀቀ መሪጌታ ግን በጨረፍታ አይቷቸው ያዜማል። እነዚህ ፊደላት ምልክት ይባላሉ። እያንዳንዱ ምልክት ከሌላ የታወቀ የዜማ ሐረግ የተቀነጨበ ሲሆን፣ ለአዚያሚው የሚነግረው ይህን ስፍራ እንደዚያኛው ሐረግ እንዲለው ነው። ያኛውን ሐረግ በቃሉ ያልያዘ ምልክቱን ሲያየው ቢውል ዜማ አይወጣለትም።

የአውሮፓ ኖታ ዜማውን ከቶ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ድምፁ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ያሳየዋል። የድጓው ምልክት ግን ባዳ አያስተምርም፤ ለባለቤቱ ያስታውሰዋል እንጂ።

ትውፊት የዜማውን ድርሰት ለስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ምልክቱ የመጣው ግን ከእሱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ነው። በሠሪነት ስማቸው የሚነሣው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል፣ ቦታውም ተድባበ ማርያም ነው። ዘመኑ የዋዛ አልነበረም። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. ሲዘልቅ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ዐመድ ሆነዋል፣ ሊቃውንት አልቀዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የዚያ ዘመን ሰው ግን መጽሐፍ ሲነድ አይቷል፣ ቃሉን የያዘውም ሰው ሲሞት አይቷል። ምልክቱ ከዚያ ጥፋት ማግሥት ብቅ ማለቱ እንዲያው ግጥምጥም አይመስልም።

ሊቃውንቱ ሳያውቁት የነኩትን ነገር የሥነ ልቦና ምርምር የደረሰበት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በካናዳ ኤንደል ተልቪንግና ዜና ፐርልስቶን ለተማሪዎች በየወገኑ የተመደቡ ብዙ ቃላት አስጠኑ። ከዚያ ግማሾቹን በባዶ ወረቀት የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አዘዟቸው፤ ለግማሾቹ ደግሞ የየወገኑን መጠሪያ ብቻ ሰጧቸው። መጠሪያ የተሰጣቸው ብዙ አብልጠው አስታወሱ። እንግዲህ ጠፋ የተባለው ቃል ከአንጎል አልወጣም ነበር፤ መጥሪያ አጥቶ ተኝቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች መያዝንና ማውጣትን ለይተው ያያሉ። ትዝታ በአንጎል የት ያድራል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበር። ካርል ላሽሊ የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ የአይጦችን አንጎል ቅርፊት እየቆረጠ ትዝታ የሚቀመጥበትን አንድ ቦታ ለአሥርት ዓመታት ፈልጎ፣ አንድም ስፍራ እንዳላገኘ በ1950 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሊስና ሎሞ በጥንቸል አንጎል ውስጥ ደጋግመው የተነሣሡ የነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎች ለረጅም ሰዓት እንደሚጠነክሩ አሳዩ። ትዝታ በአንድ ጓዳ የተቆለፈ ዕቃ ሳይሆን ደጋግሞ በመሄድ የሚቀና መንገድ መሆኑ እየጠራ መጣ።

የአብነት ትምህርት ቤት መንገዱን የሚያቀናው ከሕፃንነት ጀምሮ ነው። ልጁ ከፊደል ተነሥቶ፣ በአቡጊዳ አልፎ፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ ዳዊት ይደርሳል። ንባቡም አንድ ጊዜ ተነብቦ አይተውም፤ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ሲመሽ መጽሐፉ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ ውዳሴ ማርያም፣ መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ኢየሱስ። ከፍ ያለው ተማሪ ሐረጉን ይጥላል፣ ታናናሾቹ ይቀበላሉ፤ በጨለማ የሚያዩት ጽሑፍ ስለሌለ ከጆሮና ከአፍ ሌላ መያዣ የላቸውም። ከዚያ እንቅልፍ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት አስጠንተው ሲፈትኗቸው፣ አጥንተው የተኙበት ሰዓት ነቅተው ከቆዩበት ይልቅ ትምህርቱን እንደጠበቀላቸው ታየ። የቆሎ ተማሪው ይህን ከሥርዓቱ አግኝቶታል።

ችግሩ የሚያጠናው ነገር ትርጉም ገና ያልተነገረው መሆኑ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ አጥንቶ ራሱን ፈትኖ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ሲያጠና የሚቆጠብለት ድካም ከግማሽ በታች መሆኑን ለካ። ከባይረን ዶን ጁዋን የተወሰዱ ስንኞችን ሲይዝ ግን ያስፈለገው ድግግሞሽ ከዚያ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ትርጉም፣ ምጣኔና ቤት መምታት ሸክሙን አቀለሉት። ግዕዙ ላልገባው ሕፃን ትርጉሙ እስኪመጣ ድረስ ዜማውና የጓደኞቹ ድምፅ ይተኩለታል፤ ሽምደዳ እያሉ የሚንቁት ሰዎች ይህን ያህሉን ልብ አይሉትም።

ሌላው ልማድ የበለጠ ያስገርማል። ተማሪው ያደረበትን ቀለም በየኔታ ፊት ሳያስመልስ አዲስ አይሰጠውም። መጽሐፉን ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ከራሱ ማውጣት አለበት። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያደረጉት ሙከራ የዚህን ዋጋ በቁጥር አሳይቷል። አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ነው። አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከራሳቸው ለማውጣት የተፈተኑት ግን 61 በመቶውን አስታወሱ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢጠየቁ ኖሮ አንባቢዎቹ ይበልጡ ነበር፤ ለዚህም ነው ማንበብ የሚያታልለው። ዓይነ ስውር መምህራን ጉባኤ ዘርግተው፣ የተማሪውን ስሕተት ከአፉ እየነጠቁ ሲያርሙ የኖሩት በዚህ ሥርዓት ውስጥ አልፈው ነው።

ቅኔ ቤት ሲደረስ ጨዋታው ይለወጣል። ቅኔ በየጊዜው አዲስ ይዘረፋል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ማሕሌት ላይ መድገም ነውር ነው። ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ጉባኤ ቃናውን ወይም መወድሱን ያለ ወረቀት በሐሳቡ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። የሚገርመው ግን አንዴ ብቻ የተሰማ ጥሩ ቅኔ ከአንዱ የቅኔ ጉባኤ ወደ ሌላው፣ ከዋሸራ ወጥቶ ጎንጅ፣ ከጎንጅ አልፎ ዋድላ በቃል መድረሱ ነው። ክሬይክና ተልቪንግ በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ስለ ቃል ትርጉም የተጠየቀ ሰው ስለ መልኩ ወይም ስለ ድምፁ ብቻ ከተጠየቀው ይልቅ ቃሉን ያስታውሳል። ሰሙን አልፎ ወርቁን ለማግኘት የሚቆፍር ሰሚ ከትርጉም ጋር ሳይታገል የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም፤ ቅኔው ቢጠፋበት ነበር የሚደንቀው።

ተማሪው ግን በልማዱ ብቻ አልተማመነም። ቀለም ይገባ ዘንድ አብሾ ይጠጣ ነበር። ከሚጠቀሱት ዕፅዋት ዋነኛው አስተናግር ነው፤ ዐጸ ፋርስም ይሉታል። አእምሮ ይከፍታል፣ ያነበቡትን አያስረሳም ተብሎ ይታመንበታል፤ ሲጠጣ ነገር የሚፈልገውን ሰው አብሾ አለበት ማለትም ከዚሁ ወግ ጋር ይሄዳል። በዚህ ላይ የኬሚስትሪው ፍርድ ጨካኝ ነው። አስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን፣ አሴቲልኮሊን የሚባለውን ትምህርት ለመያዝ አንጎል የሚያስፈልገውን መልእክተኛ ያግዳል። ድራክማንና ሌቪት በ1974 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች ሲሰጡት አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታቸው እንደ አዛውንት ደክሞ ተገኘ። መጠኑ ሲያልፍ ያቃዣል፣ ይገድላልም። አብሾ ጠጥቶ ሊቅ የሆነ ተማሪ ካለ፣ ሊቅ የሆነው አብሾው እያለበት እንጂ ስላለበት አይደለም።

አቋቋም ደግሞ ሌላ በር ነው። ጎንደርና ደብረ ታቦር ስማቸው የገነነበት ይህ ትምህርት መቋሚያን፣ ጸናጽልን፣ ከበሮንና የእግርን አካሄድ ከዜማው ጋር ያዋሕዳል። በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሃርትፎርድ ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል የ27 ዓመት ሰው የሚጥል በሽታውን ለመግታት ሲባል ከአንጎሉ ሁለት ጎኖች ሂፖካምፐስና አካባቢው በቀዶ ሕክምና ወጣለት። በሽታው ቀለለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ የኮከብ ሥዕል በመስታወት እያየ በእርሳስ እንዲከተል ለሦስት ቀን አለማመደችው። በየቀኑ እጁ እየቀና ሄደ፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አላስታወሰም። እጅና እግር የሚይዙት ትምህርት ቃል ከሚያዝበት በተለየ መንገድ እንደሚሄድ ዓለም ከዚህ ሰው ተማረ፤ ሞላይሰን በ2008 እ.ኤ.አ. አረፈ። አቋቋም የሚማር ደብተራ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ጊዜ ይሄድባቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲወደስ ዋጋው መረሳት የለበትም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በውሻ እየተባረረ ቁራሽ የሚለምን ልጅ ነው ይህን ዕውቀት የተሸከመው፤ በረሃብና በበሽታ መንገድ የቀረውን ማንም አልቆጠረውም። አርጩሜውም አይካድም። ማተሚያ ቤት ሲስፋፋ በቃል ሲወርድ የኖረው የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አንድምታ፣ በመጽሐፍ ወጣ፣ በኋላም ቴፕ፣ ዛሬም ሞባይል የመምህሩን ድምፅ ያስቀራል። ሆኖም የድጓ ማስመስከሪያ ወደ ሆነው ወደ ቤተልሔም ደብር ሄዶ ለማስመስከር የሚፈልግ ሰው ዛሬም ቢሆን ከራሱ ማውጣት ይጠበቅበታል።

ባለቅኔና የተውኔት ደራሲ መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትረካ አጠናቅሮ መጽሐፈ ትዝታ በሚል ርእስ በ1959 ዓ.ም. አሳተመ። አዛውንቱ በወጣትነታቸው የሰሙትን የሌሎች ሊቃውንት ቅኔ፣ ማን በማን ላይ እንደዘረፈው፣ በምን ምክንያት እንደተባለ ይነግራሉ። ቅኔው ሲነሣ ሰውየው ይመጣል፣ ሰውየው ሲነሣ ደብሩ፣ ደብሩ ሲነሣ ሌላ ቅኔ።