ለንብ ሲባል የዳበረ የጉንዳን መከላከያ

በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል ተራሮች ሥር፣ እንደ ሌላው ደጋና ወይና ደጋ አገራችን ሁሉ፣ ጉንዳንን በአመድ መመለስ የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ሰው ልማዱን የድህነት ውጤት አድርጎ ያየዋል፤ መድኃኒት የሚገዛበት ያጣ ሰው ከምድጃው ያገኘውን አነሣ ይላል። እኔ ግን ምክንያቱን ከንቡ ዘንድ እፈልገዋለሁ። ማር የሚቆርጥ ቤተሰብ ነፍሳትን ሁሉ የሚፈጅ ነገር ቤቱ ሊያስገባ አይችልም፤ የሚያባርረውም የሚያኖረውም ነፍሳት ነውና። ስለዚህ ጉንዳኑን ከመግደል ይልቅ መንገድ መከልከልን መረጠ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የቀፎው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ አገር አልፏል፤ በዚያን ጊዜ ደሴት ላይ ስለነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሆነ የነገሥታት ልጆች ስለሚጋዙበት አምባ ግሸን ጽፏል። ስለ አገሩ ማር ሲያወራ የገረመው ቀፎው እንደ ፖርቱጋል ልማድ ውጭ አለመቀመጡ ነው። ገበሬው በሚያድርበት ቤት ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ንቡ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል፣ በቤቱም ውስጥ ይመላለሳል። አልቫሬዝ ይህን የተናገረው ሐይቅን ለይቶ አይደለም፤ ሆኖም ቀፎን ከቤት ክዳን ሥር መስቀል ዛሬም አልቀረም። ማሩ ደግሞ ለመብል ብቻ አልነበረም። ግብር በጉንዶ ማር ይከፈል ነበር፤ ከሰሙም የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሠራ ነበር፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ የትምህርት ማዕከል ለሆነው ለሐይቅ ገዳምም ጧፍ የዘወትር ፍላጎት ነው። ጉንዳን የገባበት ቀፎ ንቡ ጥሎት ይኮበልላል፤ ባለቤቱም ማሩንና ግብሩን በአንድነት ያጣል።

ጉንዳን ቀፎ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ መከላከያውም የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። በቀፎው ሥርና በግድግዳው ግርጌ ያለው ሣር ይመነጠራል፤ ግድግዳውን የነካ ቅርንጫፍ ድልድይ ስለሚሆን ይቆረጣል። ስንጥቁ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፣ የወደቀ የማር እንጀራ ፍርፋሪም ወዲያው ይነሣል። ከዚያ የእንጨት አመድ ይነፋና ከሰሉ ይወጣል፤ የላመው ዱቄት በቀፎው ማቆሚያ እግር ዙሪያ፣ ዙሪያው ሳይቋረጥ፣ ይነሰነሳል። ጣት የማታስገባ ክፍተት እንኳ ብትቀር ጉንዳን አያጣትም። ጉንዳን የሚሄደው ከፊቱ ያለፈው በተወው ሽታ እየተመራ ስለሆነ አመዱ ዱካውን ይሸፍንበታል፤ ብናኙም እግሩን ይከዳዋል፣ ገላውን ከድርቀት የሚጠብቀውን ስስ ሰም ይገፈዋል። ንብ ግን በክንፏ በርራ ስለምትገባ አመዱን አትነካውም። በእግር የሚመጣውን ከልክሎ በክንፍ የሚመጣውን የሚያሳልፍ ዘዴ እንዲያው በድንገት የተገኘ አይመስለኝም።

የድህነቱን ክርክር የሚያፈርስ ሌላም ነገር አለ። አባቶቻችን መርዝ አላጡም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ሲጨመር ዓሣ ያሰክራል፤ የእንዶድንም ኃይል ልብስ የሚያጥብ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀፎ ሥር ግን የሚነሰነሰው አመድ ነው። አመድ ዝናብ ሲነካው ይበላሻል የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ የረጠበ አመድ ጉንዳንን አያግድም። ለዚህም ነው ከጠፈጠፉ ወዲህ፣ ደረቁ መሬት ላይ የሚነሰነሰው፤ በክረምት ደግሞ ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ገብረ ጉንዳን ነው። በብዛት ሲዘምት ትንሽ የአመድ መስመር አይመልሰውም፤ በአንድ ሌሊት ቀፎ ባዶ ያደርጋል። የማቆሚያውን እግር ውሃ በሞላ ገል ውስጥ ማቆም ከአመድ ይሻላል፤ ቤት ከገባ ግን እስኪያልፍ ቦታውን መልቀቅ ይቀላል። ሲያልፍ በረሮውንና ትኋኑን ለቅሞ ስለሚሄድ ከጉዳቱ ጋር ጥቅምም አለው።

ጉንዳንን በመከልከልና ነፍሳትን ሁሉ በመፍጀት መካከል ያለው ልዩነት የደበዘዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ መረጨት ጀመረ። ወባ ሰው ይፈጅ ስለነበር ርጭቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ችግሩ ለወባ የመጣው መርዝ ለምስጡም ለነቀዙም ለጉንዳኑም መድኃኒት ነው የሚል አስተሳሰብ ማስከተሉ ነው፤ ፍሊትና ማላታይን ከሱቅ ሲመጡም የሚረጨው ሰው ንቡን ከጉንዳኑ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የንብ ባለሙያዎች ግን ዛሬም በቀፎ ዙሪያ አመድ እንዲነሰነስ ይመክራሉ።

አሁን አሁን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የቀፎውን ማቆሚያ እግር መቀባት ተለምዷል። ሐሳቡ የአባቶች ነው፤ ጉንዳኑ እንዳይወጣ ማድረግ፤ ከአመድም የበለጠ ይቆያል። ነገር ግን ዝናብ ያጠበው ዘይት ከአፈሩ ጋር ቁልቁል ይወርዳል። የሐይቅ ውሃ ደግሞ የሚገቡበት ጅረቶች አሉት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። በዝናብ የታጠበ አመድ ግን ለጓሮው ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል።