ቀበሌዋ የት ቀረች? የጤና ሪፖርት ታሪክ ከደጀን ሲታይ

ደጀን በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። ከእሷ ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል፤ ከተማዋ ደጋ፣ ግርጌዋ ቆላ ነው። ስለዚህ እዚያ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ወባ ሲገኝበት መጠየቅ ያለበት የት እንደያዘው ነው። ቆላ ወርዶ የከረመ ገበሬ ነው? መንገደኛ ሹፌር ነው? ወይስ ከአፋፉ ሳይወርድ የታመመ? የተመላላሽ ሕክምና መዝገቡ ወረዳና ቀበሌ የሚጻፍበት ዓምድ ስላለው ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ ፍንጭ ይሰጣል። ወደ ጤና መምሪያ፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ቢሮና ወደ ሚኒስቴሩ የሚሄደው የበሽታ ሪፖርት ግን ሕሙማኑን የሚለየው በዕድሜና በጾታ ነው። ቀበሌዋ መዝገቡ ላይ ትቀራለች። የአገራችን የጤና መረጃ ታሪክ እንደሚያሳየው ቁጥር መላክን የለመድነው ቁጥር ከማንበብ ብዙ ቀድመን ነው። ንባቡ ደግሞ መዝገቡ ካለበት ቤት ካልተጀመረ፣ በላይ ያለ ማንም ባለሙያ ሊተካው አይችልም።

የሚያነብ ሰው ሳይኖር ምን ሊደርስ እንደሚችል 1951 ዓ.ም. ሲጠባ ታይቷል። ከ1950 ክረምት መግቢያ ጀምሮ የደጋውን ሰፊ ክፍል የወባ ወረርሽኝ መታው። ፎንቴይን፣ ናጃርና ፕሪንስ በ1953 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ገምቷል። ወረርሽኙ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነበር፤ ይኸውም ሰው ወባን ሸሽቶ በሚሰፍርበት ከፍታ። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ነገሩን እንዳባባሰው ይታወቃል። ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች ሞቱ ካለፈ በኋላ የተገመቱ እንጂ በየሳምንቱ እየተቆጠሩ የመጡ አልነበሩም። በዚያው 1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

በዚያ ዘመን የሚቆጥርም የሚያነብም ባለሙያ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። ተገቢ መቃወሚያ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር፤ የሥልጠናው መንፈስም ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የመጣበትን ሰፈር እንዲያጠኑ ነበር። ሐሳቡ ነበረ ማለት ነው፤ ያልተከተለው አሠራሩ ነው። በኋላ በመጡት ዐሥርት ዓመታት የወባው፣ የሳንባ ነቀርሳው፣ የእናቶችና የሕጻናቱ ፕሮግራም እያንዳንዱ የራሱን ቅጽ ይዞ መጣ፤ ጤና ጣቢያው ለሁሉም ሞልቶ የሚልክ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የጤና አስተዳደር መረጃ ሥርዓት (ኤችኤምአይኤስ) ማሻሻያ ይህን ጫና ለማቃለል መለኪያዎቹን ወደ 108 ሰበሰበ፣ መዝገቦቹን አንድ ዓይነት አደረገ፣ የሪፖርቱን ወር ካለፈው ወር 21ኛ ቀን እስከ ወሩ 20ኛ ቀን ወሰነ፤ የጤና መረጃ ቴክኒሻን የሚባል ሙያም ተፈጠረ። ትልቅ እርምጃ ነበር። የመለኪያዎቹ ቁጥር ግን በቀጣዮቹ ክለሳዎች መልሶ አደገ፤ ቅጽ የመውደድ አመላችን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ንባብን በትክክል ወደ ታች ያወረደው በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሳምንታዊ የወባ መከታተያ ቻርት ይመስለኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት ያለፉት አምስት ዓመታት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይደረደሩና ከላይ ሁለተኛው ይወሰዳል፤ እነዚያ ነጥቦች ሲያያዙ የወሰን መስመር ይሆናሉ። የዘንድሮው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ተቆጥሮ፣ ከመስመሩ ካለፈ ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ፍለጋ ይጀመራል። የአምስት ዓመት መዝገብ የሌለው ተቋም የአምናውን ተመሳሳይ ሳምንት ቁጥር በሁለት ያባዛል። ለምን አማካይ አልተወሰደም? ከአምስቱ ዓመታት አንዱ የወረርሽኝ ዓመት ከነበረ አማካዩን ሽቅብ ይጎትተውና የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከመስመሩ በታች ተደብቆ ያልፋል፤ ሁለተኛውን መውሰድ ግን ያንን አንድ ክፉ ዓመት ከስሌቱ ያወጣዋል። ይህን የተረዳ ነርስ በእርሳስና በማስመሪያ ስታቲስቲክስ ሠራ ማለት ነው። ወሰኑም ከአዲስ አበባ ተቆርጦ የሚላክ አይደለም፤ የቆላዋ መተማ መስመር ለደጀን አይሆንም፣ የደጀንም ለመተማ።

ከባዱ መቃወሚያ ቁጥሩ ራሱ ይታመናል ወይ የሚለው ነው። የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ሆኖ ሪፖርት የሚደረግባቸው ወረዳዎች በየክልሉ አሉ፤ የተሳሳተውን መተንተን ስሕተቱን ማሳመር ነው ይባላል። ነገር ግን ከመቶ በላይ መሆኑ የታወቀው በመተንተኑ ነው። አንዳንዴ የተጋነነው የተከተቡት ሕጻናት ቁጥር ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚካፈልበት ሕዝብ ነው የተሳሳተው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የወረዳው ሕዝብ ዛሬም ከዚያ ተነስቶ በትንበያ ይሰላል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮችን በዕጣ መርጦ ከመዝገቡ ጋር እንደገና ማመሳከር የሚባል የተለመደ ዘዴ አለ፤ ይህም የሚሠራው መዝገቡ ባለበት ነው። ኮምፒዩተሩ ይበቃል የሚሉም አሉ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የጤና መረጃ ሶፍትዌር፣ ዲኤችአይኤስ ቱ፣ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ 13 ወር ያለውን አቆጣጠራችንን እንኳ ለምዷል፤ ግራፉን በቅጽበት ይሥላል። የሚሥለው ግን የተሰጠውን ድምር ነው፤ ያልተላከችለትን ቀበሌ አያወጣም።

ሐኪምና ነርስ ለበሽተኛው እንጂ ለወረቀት አልተቀጠሩም የሚለው ቅሬታ እውነት አለው፤ ሁሉንም መዝገብ በየቀበሌው ተንትኑ ማለት ሌላ ቅጽ መጨመር ይሆናል። የሚያስፈልገው ያን ያህል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሳምንታዊው ነጥብ ይበቃል፤ መስመሩ ሲታለፍ፣ በተለይ ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ የእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ሕሙማን ብቻ በቀበሌ ይለያሉ። ሁሉም ከበረሃው ቀበሌዎች ከሆኑ አጎበሩና ርጭቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቆላ ያልወረዱ የደጋ ሰዎች ከበዙበት ግን በ1951 የታየው ዓይነት ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ የወሩን 20ኛ ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ዞኑ መደወል ያስፈልጋል።