ቻይንኛ የምትናገረው መኪና

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና ስሙኝ፤ የማወራችሁ የደብረ ብርሃን ነገር ነው፣ ወሩም ውርጩ የሚበረታበት ኅዳር ነው። በሰፈራችን አንድ እህል ነጋዴ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በአሮጌ ቶዮታ ገፍተው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል፣ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ከሆነማ!» አሉና አዲስ አበባ ወርደው አንዲት ነጭ አዲስ መኪና ገዙ።

ራሳቸው ነድተው አመጧት። ሰንዳፋን አለፉ፣ አለልቱን አለፉ፣ ሸኖ ላይ ቅቤ ሸመቱ፣ ከዚያ ብርዱ ሲገባ ማሞቂያውን ከፈቱ፣ ማሞቂያውም ባትሪውን ይበላው ጀመር፣ እሳቸውም ዘጉትና ጋቢ ለብሰው እየነዱ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት አለ።

መንገዱ ክፍት በሆነ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ አንኮበር ሄዱ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ባትሪው ራሱን እየሞላ ፐርሰንቱ ሲጨምር አይተው እንደ ልጅ ሳቁ። እዚያው አደሩ፤ ጠዋት ጉሙ ደጁን ሞልቶት ወጥተው ቢያስነሷት፣ ስክሪኗ ላይ ቀይ የቻይንኛ ጽሑፍ ብልጭ አለና ድርግም አለች።

ሻጩ ጋ ደወሉ። «አባባ፣ ሶፍትዌር ነው፤ ሰኞ ይደውሉ።» ሰኞ ደወሉ። «ኮምፒውተሩን የሚይዘው ልጅ ፈቃድ ላይ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰኞ።» በሦስተኛው በኤፍ ኤስ አር አስጭነው ወሰዷት፤ ሻጩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶ «እናያታለን» አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። የእሳቸው 15 ቀን ያለቀው «ሰኞ ይደውሉ» ሲባሉ ነው።

እዚሁ ደጃችን አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ሲያዩ፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በረሃና ገደል አቋርጦ ከመኪናዋ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። ብትቆም የሚጠየቀው ሰው እዚያው አለ ማለት ነው። የዛሬው ሻጭ ግን መኪናዋን ከውጭ ጭኖ አምጥቶ ይሸጣል፤ ፋብሪካው ደግሞ እዚህ አገር የሸጥኩት መኪና የለም ይላል፤ በመካከል ገዢው ቁልፍ ይዞ ይቆማል።

ከወር በላይ አስቀምጠዋት፣ አጥበው «ምንም የለባትም» ብለው ሰጧቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተነሡ፣ ጫጫ ላይ ቆመች።

አንድ የደብረ ብርሃን ጋራዥ ልጅ፣ ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙ ሲፈታ የኖረ፣ መጣና ኮፈኑን ከፈተ። ትልቁን ባትሪ አልነካውም። ከጥግ ያለችውን ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ፈልጎ አገኛት፣ እጁን በሱሪው ጠረገና ቴስተሩን አስጠጋ፣ ዘጠኝ አነበበ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው እኮ ይቺ ናት፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሞልቶም አይነሣም» አለና ከሌላ መኪና ያወጣትን ባትሪ አሰረላት። መኪናዋ ምንም እንዳልተፈጠረ በቻይንኛ እያወራች ተነሣች።

ሰውዬው የሞተችውን ባትሪ በፌስታል ይዘው ሻጩ ዘንድ ሄዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ሻጩ ባትሪዋን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣና፣ «ማን ክፈቱ አላችሁ? በቃ፣ ዋስትናው ፈርሷል» አላቸው።