ስለ ባሕር ዛፍ መተከልና ስለ አዲስ አበባ መጽናት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ስትቈረቈር፥ ከነገሥታቱ መቀመጫዎች አንዷ እንጂ የመጨረሻዋ ትሆናለች ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃ ሜዳ የወረደው ቤተ መንግሥት፥ በዙሪያው ያለው ደን ሲያልቅ ወደ ሌላ ስፍራ ይነሣ ዘንድ የቆየ ልማድ ነበር። ከንጉሡ ጋር ሠራዊቱ፥ ከሠራዊቱ ጋር ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ጣዩ፥ ባለእጁና ነጋዴው አብሮ ይሰፍራል፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ ሊጋግር፥ ቤት ሊሠራ፥ የደጋውንም ብርድ በእሳት ሊከላከል ግድ ነው። ስለዚህ የእንጦጦ ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ፤ እንጨት ለቃሚውም በየዓመቱ መንገዱ እየረዘመበት ሄደ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለዚህ ችግር ያሰቡት መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የአባቶች መንገድ፥ ማለት ተነሥቶ መሄድ ነው። በ1893 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ደን ባልጠፋበት አገር፥ አዲስ ዓለም የተባለው ከተማ ተቈረቈረ፤ ቤተ መንግሥትም ይሠራበት ጀመር። ሁለተኛው መድኃኒት ግን ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቀድሞ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ይኸውም በ1887 ዓ. ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው የባሕር ዛፍ ዘር ነው። ዘሩን ያስመጣው ፈረንሳዊው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሞንዶን ቪዳሌ እንደ ሆነ ብዙዎች ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የዛፉ አገር አውስትራልያ ነው፤ ሕዝባችንም የመጣበትን መንገድ አይቶ ስም አወጣለት።

ዘር ብቻውን ደን አይሆንም። ገበሬ ጤፍና ገብስ የሚያበቅልበትን መሬት ለማያውቀው እንጨት እንዲለቅ ምን ያባብለዋል? የዚያ ዘመን መንግሥት በዚህ ላይ ያደረገው ነገር በጣም አስተዋይ ነበር፤ ለመምህራንም ከጦርነቶቹ ታሪክ ባላነሰ ሊያስተምሩት የሚገባ ይመስላል። ችግኙ እጅግ በረከሰ ዋጋ እንዲታደል ተደረገ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን ታዘዘ። ተካዩ ወዲያው የሚያገኘው ጥቅም ከግብር መዳኑ ነው፤ ቆይቶ የሚያገኘው ደግሞ እንጨቱ ነው። የአገራችን ጽድ ለግንድ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ሲያልፍ፥ ባሕር ዛፍ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ይቈረጣል፤ ከተቈረጠም በኋላ ከጕቶው ያቈጠቍጣልና እንደገና መትከል አያሻም። ከብትም ቅጠሉን አይበላው።

ይሁን እንጂ ሰባት ዓመት መጠበቅ የሚችለው፥ መሬቱ ከሰባት ዓመት በኋላም የእርሱ ሆኖ እንደሚቆይ የሚያምን ሰው ነው። በአዲስ አበባ የነበረው ይዞታ አስቀድሞ የንጉሡ ስጦታ ሆኖ፥ በንጉሡ ፈቃድ የሚነሣ ነበር። በ1900 ዓ. ም. ገደማ የወጣው የከተማው የመሬት ደንብ ግን ቦታ ሊሸጥ፥ ሊለወጥና ሊወረስ እንዲችል ፈቀደ። የግብሩ ነጻነት ሰውን እንዲተክል አባበለው፤ የርስቱ መጽናት ደግሞ እንዲጠብቅ አደረገው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ዛፉ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ባልወጣም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማዪቱን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች በቅጠል የተሸፈነች ከተማ አዩ። አዲስ ዓለም ዋና ከተማ መሆኗ ቀረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

በአሜሪካም በዚያው ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1873 የወጣው ሕግ፥ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ 16 ሄክታር ያህል ዛፍ ለሚተክል ሰው 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ብዙዎች መሬቱን እየያዙ ዛፉን ስላልተከሉ፥ ሕጉ በ1891 ተሻረ። በእኛ አገር ሽልማቱ የተሰጠው ለተተከለው ዛፍ እንጂ ለተስፋው አልነበረምና፥ ማታለሉ ቀላል አልሆነም።

ስለ ዛፉ የሚነገረው ሁሉ ምስጋና አይደለም። ምንጮችና ጕድጓዶች ደረቁ የሚል አቤቱታ ስለ በዛ፥ በ1905 ዓ. ም. ገደማ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከሥራ ከራቁ በኋላ፥ ከባሕር ዛፉ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆን ሌላ ዛፍ እንዲተካበት ታዘዘ። ትእዛዙ አልተፈጸመም። የዛፉ ባለቤቶች ብዙዎቹ ትእዛዝ የሚያስፈጽሙት መኳንንት ራሳቸው ነበሩና፥ ጥቅሙን በእጁ የጨበጠ ሰው በአዋጅ ብቻ አይለቅም። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ መጨመር ይገባል፦ ከግብር ነጻ የሆነው መሬት ያለው ሰው ነው፤ መሬት የሌለው ድኻ ግን እንጨቱን በገንዘብ ይገዛ፥ ወይም በጀርባው ይሸከም ነበር።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት አዋጅ፥ በዚያውም ዓመት በሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፥ መሬቱን ሁሉ የመንግሥት አደረጉት። ሁለቱ አዋጆች ብዙ ጭሰኛና ተከራይ ነጻ አውጥተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የተካዩ ርስት በዚያ ቀን አበቃ፤ ደኑንም መንከባከብ የዘበኛ ሥራ ሆነ። ከዚያ በኋላ መንግሥት በውጭ አገር ብድር እየተረዳ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ ደን አስተከለ። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች ከዘበኛው ጋር የሚያደርጉት መደባበቅም የከተማዪቱ የዕለት ትዕይንት ሆነ። ይኸው ዛፍ ለቀድሞው ባለርስት ሀብት፥ ለሸክመኛዪቱ ግን የስርቆት ምክንያት ነበር።

በ2009 ዓ. ም. ገደማ የተዘጋጀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፥ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ስፍራ፥ 40 በመቶውን ለሕንጻ መድቦታል። በ2011 ዓ. ም. የወንዞችን ዳርቻ የማልማት ሥራ ተጀመረ፤ በ2013 ዓ. ም. መጀመሪያም የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ቀድሞ በዚያው ተራራ ላይ እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶች መካከል በፓርኩ ውስጥ ሥራ ተሰጥቷቸው በደመወዝ የሚተዳደሩ አሉ።