ስውር የባትሪ ፍጆታ

ስውር የባትሪ ፍጆታ መኪና ጠፍቶና ተቆልፎ በቆመበት ጊዜ ከባትሪው ሳይታወቅ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ከመጠን ሲያልፍ ባትሪው በአንድ ሌሊት ወይም በጥቂት ቀናት ይወርድና ሞተሪኖው ሞተሩን ማስነሳት ያቅተዋል። ችግሩ በአዳዲስ መኪኖችም ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ነው ተብሎ ስለሚገመት ደህና ባትሪ ይቀየራል፤ አዲሱም በተራው ይወርዳል።

መደበኛ ፍጆታ

ዘመናዊ መኪና ሲጠፋም ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ሰዓቱ፣ የስርቆት መከላከያውና የርቀት ቁልፍ ተቀባዩ ጥቂት ጅረት ይፈልጋሉ። ይህ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ50 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ50 ሚሊ አምፔር ባዶ ለመሆን በስሌት 50 ቀን ይፈጅበታል፤ በ500 ሚሊ አምፔር ግን 5 ቀን ይበቃዋል። መኪናው መነሳት የሚያቅተው ባትሪው ባዶ ከመሆኑ በፊት ስለሆነ በተግባር ጊዜው ከዚህም ያጥራል። አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል ብቻውን 400 ሚሊ አምፔር ያህል ይወስዳል።

ምክንያቶች

- ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተገጠመ የጂፒኤስ መከታተያ፣ ማንቂያ ደወል ወይም ካሜራ፣ በተለይ ቁልፉ ሲጠፋ ከማይቋረጥ ገመድ ጋር ከተያያዘ
- በዕቃ መጫኛው ወይም በመሳቢያው ውስጥ ሳይጠፋ የሚቀር አምፖል
- ተጣብቆ የቀረ ሪሌ፣ ወይም ወደ እረፍት የማይገባ የመኪናው ኮምፒውተር
- በዲናሞው ውስጥ የተበላሸ ዳዮድ

ፍጆታው መደበኛ ሆኖም ባትሪ ሊወርድ ይችላል። አዲስ መኪና ከፋብሪካ እስከ ገዢው ድረስ በመርከብና በወደብ ለወራት ሊቆም ይችላል። ወርዶ የቆየ ባትሪ በውስጡ የእርሳስ ሰልፌት ስለሚጠጥርበት የመያዝ አቅሙን ያጣል። እንደ ጊንጆ ባሉ የጅማ ሰፈሮች መካከል ለአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪናም፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አጋሮ እንደሚመላለስ መኪና ባትሪውን አይሞላም።

ምርመራ

1. ባትሪው። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መውረዱን ያመለክታል። ቮልቴጁ ጥሩ ሆኖ አቅሙ የደከመ ባትሪ ስላለ በጭነት መፈተን ያስፈልጋል።
2. ዲናሞው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይጠበቃል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ ቮልቴጁን ስለሚቀንስ ዝቅ ያለ ንባብ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።
3. ጅረቱ። የኔጋቲቭ ገመድ ከባትሪው ተፈትቶ ቴስተሩ በመካከል ይገባል። ቁልፉ ከመኪናው ይርቃል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ኮምፒውተሮቹ እንዲያርፉም ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይጠበቃል። ሳይጠበቅ የተነበበ ቁጥር ጤነኛውን መኪና በሽተኛ ያስመስላል። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል።
4. መስመሩ። ፊውዞች አንድ በአንድ ሲነቀሉ ጅረቱን የሚቀንሰው ፊውዝ ጥፋተኛውን መስመር ያሳያል። ፊውዝ መልሶ መሰካት ኮምፒውተሮችን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ሳይነቅሉ በፊውዙ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ሚሊ ቮልት መለካት ይሻላል። የትኛውም ፊውዝ ለውጥ ካላመጣ ዲናሞው ይጠረጠራል።

በኤሌክትሪክ መኪኖች

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተበራክተዋል። እነዚህም ከዋናው ባትሪ ሌላ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ትንሹ ከወረደ ዋናው ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፤ ዋናውን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ሪሌዎች የሚዘጉት በእሱ ኃይል ነውና። የምርመራው መርህ ተመሳሳይ ነው፤ ብርቱካናማ ገመዶች ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ መነካት የለባቸውም።

ጥንቃቄ

በሚሞላ ባትሪ አካባቢ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚኖር እሳት አይቀርብም። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ይከተላል። ዋስትና ያለው መኪና ገመዱ ከመቆረጡ በፊት የተለኩት ቁጥሮች ከነቀናቸው ቢመዘገቡ ጉድለቱን ለሻጩ ለማስረዳት ይጠቅማሉ።