ስም የሌለው ጆንያ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ ስም ነው። ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ እያልኩ በቆላው ከተሞች አልፋለሁ፤ ዋናው ወሬዬ ግን እዚያ በትንሽ ጀምረው ንግዳቸውን ለማሳደግ የሚደክሙት ሴቶች ናቸው።

ነገሌን አገር ያወቃት በገበያዋ አይደለም። በጥር 1966 ዓ.ም እዚያ የሰፈረው ብርጌድ በምግብና በውኃ ችግር ተማርሮ አመፀ፣ መኮንኖቹን አሰረ። የዚያን ዓመት አብዮት ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች ከነገሌ ይጀምራሉ። ዕድሜው ገፋ ያለ የመሃል አገር ሰው ዛሬም «ነገሌ» ሲባል ወታደር ነው ትዝ የሚለው። ከተማዋ ግን እንጀራዋ ከብት፣ ፍየል፣ ወተትና ሙጫ ነው።

ታዲያ ገበያ የሚወጣው ዕቃ ስም ባይኖረው፣ ይህ አገር ስም የማያውቅ አገር እንዳይመስላችሁ! ቦረና ዘንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ ባለቤት አለው። ቱላ የሚባሉትን ዘጠኙን የውኃ ቦታዎች ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሰው ከታች እስከ ላይ ተደርድሮ ባልዲ እየተቀባበለ፣ እየዘፈነ ውኃ የሚያወጣባቸው ናቸው። ጉድጓዱን መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ኮንፊ ይባላል፣ መብቱም ለዘሩ ይተላለፋል። የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። «ማን ቆፈረው?» የሚለው ጥያቄ የማን ከብት ቀድሞ እንደሚጠጣ ይወስናል። ከብቱም ቢሆን የጎሳው ምልክት አለበት።

ወተቱም እንደዚያው ነበር። የቦረና ሴት የወተት ዕቃዋን ከሥር ጭረት ትሰፋለች። ከማለቧ በፊት የተመረጠ እንጨት ጫፉን አፍማ ዕቃው ውስጥ ታስገባና እያሽከረከረች ታጥነዋለች። ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርገዋል፣ መዓዛም ይሰጠዋል። የእንጨቱ ዓይነትና የእጇ ልክ ከጎረቤቷ ስለሚለይ፣ ደንበኛ ክዳኑን ከፍቶ ሲያሸት «አዴ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» ማለት ይችላል። ያ መዓዛ ማንም ያልጻፈው ታፔላ ነው። በኋላ ቢጫው ጄሪካን መጣ። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ መኪና ላይ ይጫናል፤ ነገር ግን የብዙ ቤት ወተት አንድ ላይ ተገልብጦበት ሞያሌ ሲደርስ ጥሩ የያዘችውና ውኃ የቀላቀለችው ሴት እኩል ዋጋ ያገኛሉ። እኔ እንደማየው ከሆነ የሴቶቹ የንግድ ጣጣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጎበዟ ከሰነፏ ካልተለየች ጎበዝ ለመሆን ምን ያተጋታል?

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል ልውሰዳችሁ። ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ ፓሪማ የሚባል የምርምር ፕሮጀክት በደቡቡ ቆላ ይሠራ ነበር፤ ከተመራማሪዎቹ መካከል ሶሎሞን ደስታና ላይን ኮፖክ ይገኙበታል። ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱን እጅግ እወደዋለሁ። የኛን ሴቶች ወስደው ከሰሜን ኬንያ የሴቶች ማኅበራት ጋር አገናኟቸው። ቋንቋው አንድ፣ ኑሮው አንድ፤ ግን ወዲያ ማዶ ያሉት ሴቶች ቆጥበው፣ ተበዳድረው፣ ሱቅ ከፍተው፣ በሰው ፊት ቆመው ይናገራሉ። አሠልጣኝ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ይህ ልብ ውስጥ ገባ። የኛዎቹም ተመልሰው ማኅበር አቋቋሙ፤ 59 ማኅበራት፣ ከ2,300 በላይ አባላት፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ሳንቲም ቆጥበው ፍየል ገዝተው አደለቡ፣ ሸጡ፣ ደገሙት። ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም ድርቁ ሲመታ፣ የአባላቱ ቤተሰቦች ካልተደራጁት በተሻለ ሁኔታ እንደተቋቋሙት ጥናቱ አሳየ፤ «ሳይንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣው።

ይህን ያህል የሠሩ ሴቶች አንድ ነገር ይቀራቸዋል። ማኅበራቸው ስም አለው፤ ስሙ ግን ያለው መዝገቡ ላይና ማህተሙ ላይ ነው። ፍየሏ ስትሸጥ አብሯት አይሄድም።

ዕጣኑን ተመልከቱ። ንግዱ የኢትዮጵያን ዕጣን የትግራይ፣ የኦጋዴን፣ የቦረና ብሎ ይከፍለዋል። የቦረናው ዳካራ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘው ጠቆር ያለው ነው። በሰሜን ዛፉ ተፍቆ ይደማል፤ በቦረና ግን ነፍሳትና እንስሳት ካቆሰሉት ግንድ ራሱ ሲፈስ ሴቶችና ልጆች ከብት እየጠበቁ ይለቅሙታል። ከዚያ በጆንያ ይታሰራል፣ ነጋዴ ያነሳዋል፣ መኪና ይጭነዋል። ጆንያው ላይ የለቀመችው ሴት ስም የለም፣ የማኅበሯም የለም። ገዢ ዕጣኑን ቢወደው እንኳ ማንን ብሎ ይመለስ?

የቦረና ከብትም ዕጣው ይኸው ሆነ። ዝርያው ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ሲገባ፣ የዚያ አገር አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ማኅበር መሥርተው የዘር መዝገብ ያዙለት። ዛሬ «ቦራን» ብለው በዓለም የሚሸጡት እነሱ ናቸው። ስሙ የቦረና ነው፤ ገንዘቡ ግን ያቤሎ አይደርስም።

የተሳካለትም አለና ልጨምር። በ1997 ዓ.ም መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ጠየቀ። ጉዳዩን የያዘው በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ የሚመራው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ክርክሩም ስታርባክስ ከተባለው የቡና ኩባንያ ጋር ዓለም የሰማው ጠብ ሆነ፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም በስምምነት አለቀ። የሻኪሶና የሐምበላ ቡናም ለረጅም ጊዜ በሲዳሞ ስም ሲሸጥ ኖሮ አሁን «ጉጂ» ተብሎ በራሱ ስም ይጠየቃል። ጣዕሙ ትናንትም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ገዢው ስሙን ጠርቶ መጠየቁ ነው።

ታዲያ ስሙ ከየት ይጀምር? ወጣቶች ንግድ ሲጀምሩ ቀድመው ባነር ያሠራሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ሚዛኑ አይዋሽ፣ ጥቁሩ ዕጣን ከአሸዋና ከቅርፊት ይለቀም፣ የዛሬው ወተት ከትናንቱ አይለይ። ይህ ለጥቂት ወራት ሳይዛነፍ ከሄደ ገበያው ራሱ ስም ያወጣላችኋል፤ «የእነዚያ ሴቶች ዕጣን» ማለት ይጀምራል። ስሙን መጻፍ ያኔ ነው፤ ጆንያው ላይ፣ ጄሪካኑ ላይ፣ ደረሰኙ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀለምና በአንድ ፊደል።

ከዚያ አስመዝግቡት። አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን ባለቤትነት የሚሰጠው ላስመዘገበ ነው፤ ምዝገባው ሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳልም። የነገሌ፣ የዱብሉቅና የሞያሌ እኅቶቼ፣ ስማችሁን ሌላ ሰው ከመያዙ በፊት ያዙት። የንግድ ቢሮ ሠራተኞችም ለማኅበራቱ የንግድ ፈቃድ ስትሰጡ በዚያው ቀን የምልክት ማመልከቻውን አብራችሁ አስሞሏቸው።