ክሬማን (የወይን ጠጅ)

ክሬማን በተለይ በፈረንሳይ፣ ከሻምፓኝ ክልል ውጭ የሚሠራ አረፋማ የወይን ጠጅ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ «ሻምፓኝ» ተብሎ የሚሸጠው በሻምፓኝ ክልል የተሠራው ብቻ ነው።

የሁለቱ አሠራር ግን ተመሳሳይ ነው። ወይኑ በእጅ ይለቀማል። አንድ ጊዜ የፈላው ጠጅ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸጋል፤ እዚያው ዳግመኛ ሲፈላ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ስለሌለው ከጠጁ ጋር ይዋሐዳል። ክሬማን ከእርሾው አተላ ጋር ቢያንስ 9 ወር፣ ሻምፓኝ ደግሞ ቢያንስ 12 ወር ይቆያል።

በሻምፓኝ ክልል መሬቱም ወይኑም ውድ ነው፤ ስሙም ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ክሬማን አብዛኛውን ጊዜ በጣም ይረክሳል። ለሻምፓኝ የቀረበ ጣዕም የሚፈልግ ገዢ የቡርጎኝን ክሬማን ሊሞክር ይችላል፤ እንደ ሻምፓኝ ሁሉ ከሻርዶኔና ከፒኖ ኗር ወይን ይሠራልና። በቡርጎኝ ጠርሙስ ላይ «ኤሚናን» የሚል ቃል ካለ ጠጁ ከአተላው ጋር ቢያንስ 24 ወር ቆይቷል፤ ይህም ከተራ ሻምፓኝ ዝቅተኛ ጊዜ እጥፍ ነው። «ብሩት» ማለት ስኳሩ በሊትር ከ12 ግራም በታች ነው ማለት ሲሆን፣ «ደሚ ሴክ» ግን ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር ስላለው ይጣፍጣል።